ያልጠረጠረ ተመነጠረ፦ የማቅጠኛ መድኃኒትና የማስታወቂያው ታሪክ

ባለፈው ወር ስብሰባችን ከቁጠባ ሣጥናችን ብድር ከጠየቁት አባላት አንዷ የጠየቀችው እንደ ወትሮው ለልብስ ስፌት ወይም ለዶሮ እርባታ አልነበረም። የማቅጠኛ ሻይና እንክብል በጅምላ ገዝታ ለመሸጥ 60,000 ብር ነበር። ሒሳቡን በወረቀት አስልታ መጥታለች። አንዱን ፓኬት በ1,000 ብር አምጥታ በ1,800 ብር ትሸጣለች። የትርፉን ዓምድ ሳየው ምንም ስህተት አላገኘሁበትም። ግማሾቻችን እዚያው ተቀምጠን «ለእኔም አንድ ያዥልኝ» አልናት። ሌሎቻችን ደግሞ «ይህ ነገር ይታመናል ወይ?» ብለን ጠየቅን። ኮሚቴው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ አስተላለፈና እኔን፣ ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ፣ አጣርተሽ ጻፊልን አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። የተማርኩት ሒሳብ መያዝ ነው፤ ሥራዬም ወጪና ገቢ ማስታረቅ፣ ደረሰኝ የሌለውን ወጪ «ደረሰኙ የታለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ነገሩን የመረመርኩት በዚሁ በማውቀው መንገድ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የማቅጠኛ ማስታወቂያ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ የኋላ መዝገቡን አገላበጥሁ። ያገኘሁትን እነሆ። የውጭ አገሮቹን ታሪክ ስናገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ግን የራሴን ዕዳ ልናዘዝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድሁ በኋላ የአራስ ቤቱ ገንፎና አጥሚት ጥሎብኝ የሄደው ክብደት አልወርድ አለኝ። በእናቶቻችን ጊዜ «ወፈርሽ» ማለት «ተመቸሽ» ማለት ነበር፤ ምርቃት ነበር። በእኛ ጊዜ ግን ሠርግ ቤት ስትገቢ «ምነው እንዲህ ሆንሽ?» የሚልሽ አይጠፋም። ያን ሰሞን በየስልኩ የሚዞር አንድ የማቅጠኛ ሻይ ማስታወቂያ አየሁና ሦስት ፓኬት ገዛሁ። በሁለት ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሌሊቱን ግን ከመጸዳጃ ቤት አልወጣም ነበር፤ ጠዋት ቢሮ ስገባም እጄ ይንቀጠቀጣል። ሻይውን ባቆምሁ በወሩ ሦስቱም ኪሎ ተመለሰ፤ ቆይቶም አንድ ጨምሮ መጣ። የማውቃት የመድኃኒት ባለሙያ ፓኬቱን ብታየው ቅጠሉ ሰናመኪ ነው አለችኝ። ሰናመኪ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ሥራውን የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው፤ ምግቡ እዚያ ከመድረሱ በፊት ኃይል ሰጪው ነገር አብዛኛው በትንሹ አንጀት በኩል ወደ ሰውነት ገብቷል። እንግዲህ ከእኔ የወጣው ውኃ ነበር። ሚዛኑ አልዋሸም፤ የቀነሰው ግን ስብ አልነበረም። በሒሳብ ቋንቋ፣ ዕዳዬን የከፈልሁ መስሎኝ ገንዘቤን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ነበር ያዛወርሁት።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ስለ ማቅጠን ከተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ በጣም ከታወቁት አንዱ የወጣው በ1863 ለንደን ውስጥ ነው። ጸሐፊው ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚ ነበር። በ66 ዓመቱ ክብደቱ 202 ፓውንድ፣ ማለትም 92 ኪሎ ገደማ ደርሶ ነበር፤ ቁመቱ ግን አጭር ነው። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቃተው፤ ደረጃ ሲወርድም ጉልበቱን ለማዳን ወደ ኋላ እየዞረ ይወርድ ነበር። ጆሮው ደከም ብሎት ዊልያም ሃርቪ ወደሚባል ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ዳቦውን፣ ስኳሩን፣ ቢራውንና ድንቹን ቀንስ አለው። ባንቲንግ የተባለውን አደረገና በአንድ ዓመት ገደማ 46 ፓውንድ፣ ማለትም 21 ኪሎ ያህል ቀነሰ። ያየውን በትንሽ መጽሐፍ ጻፈ። የመጀመሪያዎቹን እትሞች በራሱ ወጪ አሳትሞ በነፃ አደለ። ስሙ እስከ ዛሬ በስዊድን ቋንቋ ክብደት መቀነስ ለሚለው ቃል ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ሰው ያነሣሁት ምክሩን እንድንከተል አይደለም። አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ ነው፦ ባንቲንግ የሚሸጠው ዕቃ አልነበረውም። ብናምነውም ባናምነውም ኪሱ የሚገባ ሳንቲም የለም። እንዲያም ሆኖ ማስረጃው የአንድ ሰው ታሪክ ብቻ ነው፤ አንድ ደረሰኝ ብቻ ያለው መዝገብ ማለት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ደረሰኝም ሳይኖራቸው ዕቃ ይዘው መጡ።

በ1870ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በቡፋሎ ከተማ የሚዘጋጅ «አላንስ አንቲ ፋት» የተባለ ፈሳሽ በየጋዜጣው ይተዋወቅ ጀመር። በሳምንት ከ2 እስከ 5 ፓውንድ እንደሚያቀልል ማስታወቂያው ይናገራል። የተሠራው ከባሕር ውስጥ ከሚበቅል አረም ነበር። እህቶቼ፣ የዚያን ጊዜ ማስታወቂያ ከዛሬዎቹ ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጡት የሚለየው የቀለሙ ነገር ነው እንጂ ቃሉ አንድ ነው፦ ከተፈጥሮ ቅጠል የተሠራ፣ ጉዳት የሌለው፣ ያለ ጾም ያለ ድካም፣ በሳምንት ይህን ያህል። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ሳይለወጥ የቆየ ቃል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ከአረምም የባሰ ነበር። በ1890ዎቹ ሐኪሞች የታይሮይድ እጢው ሥራ ላቆመበት ሰው ከበግ እጢ የተዘጋጀ መድኃኒት መስጠት ጀመሩ። ለነዚያ በሽተኞች ትልቅ ፈውስ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ክብደት እንደሚቀንስ ስለታየ፣ እጢው ጤነኛ የሆነውም ሰው ለመቅጠን ይወስደው ጀመር። ጤነኛ ሰው ላይ ይህ መድኃኒት ልብን ያስሮጣል፣ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ የሚያከሳውም ስቡን ብቻ ሳይሆን ሥጋውንም ነው። ከእነዚህ አንዱ «ማርሞላ» የተባለ እንክብል ነበር። ውስጡ የእንስሳት ታይሮይድ እንዳለበት የማያውቁ ብዙ ሴቶች ማስታወቂያውን አይተው ያለ ሐኪም ይገዙት ነበር።

የአሜሪካ መንግሥትስ የት ነበር? ይህን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ በጣም ገረመኝ። አገሪቱ በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ግን የሚቆጣጠረው በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እንጂ በጋዜጣ የሚወጣውን ማስታወቂያ አልነበረም። በዚያ ላይ መድኃኒት ማለት በሽታን የሚያክም ነው ይላል፤ ውፍረት ደግሞ በዚያን ጊዜ በሽታ ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ የማቅጠኛው እንክብል በሕጉ ቀዳዳ ሾልኮ ያልፋል።

የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተባለው መሥሪያ ቤት የማርሞላን ባለቤት፣ ራላዳም የተባለውን ድርጅት፣ «ይህን መድኃኒት ጉዳት የሌለው እያልህ አታስተዋውቅ» ብሎ አገደው። ድርጅቱ ይግባኝ አለ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1931 ድርጅቱ ረታ። ምክንያቱን ስሙ፦ ፍርድ ቤቱ ማስታወቂያው ሰው አያሳስትም አላለም። ያለው፣ የኮሚሽኑ ሥልጣን አንድ ነጋዴ ሌላውን ነጋዴ በሸፍጥ እንዳይጎዳ መጠበቅ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የተጎዳ ተፎካካሪ ነጋዴ መኖሩ አልተረጋገጠም ነው። የተታለለችው ገዥ በመዝገቡ ላይ ዓምድ አልነበራትም ማለት ነው። ሕጉ የነጋዴውን ኪሳራ እንጂ የእርሷን ኪሳራ አይቆጥርም።

በዚያው ዘመን ከማርሞላ የከፋ ነገር ብቅ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፈረንሳይ የጥይት ፋብሪካዎች ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ለፈንጂ መሥሪያ ይውል ነበር። ኬሚካሉን የሚነኩ ሠራተኞች ይከሳሉ፣ ያልባቸዋል፣ ትኩሳት ይይዛቸዋል፤ የሞቱም ነበሩ። በ1933 በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ኬሚካሉ ሰውነት ነዳጁን ሥራ ሳይሠራበት ወደ ሙቀት እንዲለውጠው በማድረግ ክብደት እንደሚቀንስ ጻፉ። ወሬው ወዲያው ተዛመተ። በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ 100,000 ያህል አሜሪካውያን እንደወሰዱት ይገመታል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሱቅ ይሸጥ ነበር።

እህቶቼ፣ ይህ መድኃኒት ውሸት አልነበረም። በእርግጥ ያከሳል። ግን ከውስጥ እያቃጠለ ነው። መጠኑን ትንሽ ያሳለፈ ሰው የሰውነቱ ሙቀት ጨምሮ ይሞታል፤ ማብረጃም የለውም። ከዚያም በ1935 ሐኪሞች አዲስ ነገር አስተዋሉ። መድኃኒቱን የወሰዱ ወጣት ሴቶች የዓይን ሞራ እየጋረዳቸው ማየት ተሳናቸው። የሽማግሌ በሽታ በወጣትነታቸው መጣባቸው። ከዚህ የተማርሁት፣ «ይሠራል ወይ?» እና «ይታመናል ወይ?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ጠይቀን እናቆማለን። ይኸው ኬሚካል እስከ ቅርብ ጊዜ በኢንተርኔት እየተሸጠ በእንግሊዝ አገር ወጣቶችን ሲገድል ቆይቷል፤ እንግሊዞች ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መርዞች መዝገብ ያስገቡት በ2023 ነው።

ለመሆኑ ያን የሕግ ቀዳዳ ማን ደፈነው? እዚህ ላይ የእኛን ዓይነት ሰዎች አገኘሁ። በ1933 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ባለሥልጣናት በሕጉ ሊያግዷቸው ያልቻሉትን አደገኛ ዕቃዎች ሰብስበው ለሕዝብ አሳዩ፦ ዓይን የሚያሳውር የሽፋሽፍት ቀለም፣ የሐሰት የስኳር በሽታ መድኃኒት፣ የማቅጠኛ እንክብል። አዲስ ሕግ እንዲወጣም ረቂቅ ቀረበ። የመድኃኒት ነጋዴዎችና የማስታወቂያ ገቢ የሚያገኙ ጋዜጦች ግን አምርረው ተቃወሙት። ረቂቁ አምስት ዓመት ተጓተተ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ነገሩ እንዳይረሳ ከገፉት ውስጥ ግንባር ቀደሞቹ የሴቶች ማኅበራት ነበሩ፤ የተማሩ ሴቶች ማኅበር፣ የሴቶች መራጮች ማኅበር፣ የወላጆችና የመምህራን ኅብረት። ስብሰባ ጠሩ፣ ደብዳቤ ጻፉ፣ ለአባሎቻቸው አስረዱ። በ1937 ደግሞ በመርዛማ ፈሳሽ የተበጠበጠ አንድ የሽሮፕ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል ሕፃናትም ነበሩ። ሴት ልጇን ያጣች አንዲት እናት ለፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በቀጥታ ጻፈች። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1938፣ ሁለት ሕጎች ወጡ። አንደኛው ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ጉዳት የሌለው መሆኑ እንዲታይ አዘዘ። ሁለተኛው ለንግድ ኮሚሽኑ ገዥን የሚያታልል ማስታወቂያን የመከልከል ሥልጣን ሰጠው። ያቺ የተረሳች ገዥ በመዝገቡ ላይ ዓምድ አገኘች። የፈንጂው ኬሚካልም ለሰው እንዳይሰጥ ተደረገ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። አላለቀም።

በ1992 አንድ አሜሪካዊ ተመራማሪ 121 ሰዎች ላይ ያደረገውን ጥናት አወጣ። ፌንፍሉራሚንና ፌንተርሚን የሚባሉ ሁለት የቆዩ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ክብደት ይቀንሳሉ አለ። ሁለቱም ለየብቻቸው ተፈቅደዋል፤ አንድ ላይ እንዲሰጡ ግን የፈቀደ አልነበረም። ሆኖም «ፌን ፌን» ተብለው በየመጽሔቱ ተወሩ። ለማቅጠኛ ብቻ የሚከፈቱ ክሊኒኮች ፈሉ። በ1996 ብቻ ከ18 ሚሊዮን በላይ የሐኪም ማዘዣ ተጻፈላቸው። በሐምሌ 1997 ማዮ ክሊኒክ ከተባለው ታዋቂ ሆስፒታል የወጣ ሪፖርት መድኃኒቱን ሲወስዱ ስለነበሩ 24 ሴቶች ተናገረ። የልባቸው ቫልቭ፣ ማለትም ደሙን አሳልፎ የሚዘጋው የልብ በር፣ ተበላሽቶ ነበር። በመስከረም ወር ፌንፍሉራሚን ከገበያ ወጣ። አምራቹ ድርጅት በ1999 ለተጎጂዎች 3.75 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ገንዘቡ የተበላሸ ልብ አይመልስም።

የዚህ ታሪክ ጉዳት የመጣው በአታላይ ነጋዴ ብቻ አልነበረም። ሐኪሞች ናቸው የጻፉት። የጎደለው ጊዜና ቁጥር ነው። በ121 ሰዎች ላይ የታየን ነገር ለሚሊዮኖች ሰጡ። ከሺህ አንዱን የሚጎዳ ነገር በ121 ሰው ላይ ላይታይ ይችላል። እኛም ቢሮ ውስጥ አምስት ደረሰኝ አይተን «የዓመቱ ሒሳብ ልክ ነው» ብንል ኦዲተር ይስቅብናል።

ሲቡትራሚን የተባለው መድኃኒት ታሪክ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሻያችን ይመራናል። አሜሪካ ውስጥ በ1997 ተፈቀደ። በኋላ 10,000 በሚጠጉ፣ አብዛኞቹ የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም የሚያሰጋቸው ሰዎች ላይ ለዓመታት ተጠና። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ግን መድኃኒት የሌለበት እንክብል ወሰዱ። የልብ ድካምና ስትሮክን የመሰለ አደጋ መድኃኒቱን ከወሰዱት 11.4 በመቶው ላይ፣ ካልወሰዱት ደግሞ 10 በመቶው ላይ ደረሰ። ልዩነቱ ለዓይን ትንሽ ነው፤ በሚሊዮን ስናባዛው ግን ብዙ ቤት የሚያፈርስ ነው። በ2010 ከአውሮፓም ከአሜሪካም ገበያ ወጣ። ይሁን እንጂ ከፋርማሲ ሲወጣ በጓሮ በር ተመልሶ ገባ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት «ንጹሕ የተፈጥሮ ቅጠል» ተብለው የሚሸጡ የማቅጠኛ እንክብሎችን፣ ሻዮችንና ቡናዎችን ላቦራቶሪ አስገብቶ ሲመረምር፣ ውስጣቸው ሲቡትራሚን በተደጋጋሚ አግኝቷል። ማሸጊያው ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ «ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም» ለሚለው መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ኮሶም ቅጠልና አበባ ካላቸው ነገሮች ነው የሚገኘው፤ መጠኑን ያላወቀ ግን ምን እንደሚያደርገው አያቶቻችን ያውቁታል። ሁለተኛ፣ ቅጠል ብቻ መሆኑን ማን መረመረው?

አንድ ታሪክ ልጨምር፤ ይህ እኛን የቡና አገር ሰዎች ይመለከታል። በ2012 አሜሪካ ውስጥ በአንድ ታዋቂ ሐኪም የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ያልተቆላ ቡና ጭማቂ እንደሚያከሳ ተነገረ። አዎ፣ እኛ ቆልተን በረከቦት የምናቀርበው ቡና፣ ጥሬው ነው የተባለው። ማስረጃው ሕንድ ውስጥ የተደረገ ጥናት ነበር። ጥናቱ የተደረገባቸው ሰዎች 16 ናቸው። አሥራ ስድስት! በ22 ሳምንት በአማካይ 8 ኪሎ ቀነሱ ተባለ። እንክብሉ እንደ ጉድ ተሸጠ። በኋላ የንግድ ኮሚሽኑ ሲመረምር የሰዎቹ ክብደት በመዝገቡ ላይ በተደጋጋሚ ተለዋውጦ ተገኘ፤ ማን መድኃኒቱን ማን ባዶውን እንክብል እንደወሰደም ተደበላልቋል። በ2014 ጥናቱን ያስጠናው ድርጅት 3.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ጽሑፉም እንዲሰረዝ ተደረገ። የቴሌቪዥኑ ሐኪም በዚያው ዓመት በሴኔቱ ፊት ቀርቦ ስለ ንግግሩ ተጠየቀ። በሥራዬ የተሠረዘና የተደለዘ መዝገብ ሳይ ሌላውን ገጽ አላነብም። ገዥዎቹ ግን መዝገቡን የሚያሳያቸው አልነበረም፤ ያዩት ማስታወቂያውን ብቻ ነው።

ይኸው ኮሚሽን በ2002 ባወጣው ጥናት 300 የማቅጠኛ ማስታወቂያዎችን መርምሮ ነበር። 40 በመቶ የሚጠጉት ቢያንስ አንድ በእርግጠኝነት ሐሰት ሊባል የሚችል ነገር ይዘዋል። 55 በመቶው ደግሞ ሐሰት የሚመስል ወይም በቂ ማስረጃ የሌለው ነገር አለባቸው። ይህ ሕግ ባለበት፣ ቅጣት ባለበት አገር ነው።

ታዲያ የሚታመን ነገር የለም ማለት ነው? አይደለም፤ ፍርድ ሳዛባ እንዳትታዘቡኝ የሌላውንም ወገን ልናገር። በ2021 ሴማግሉታይድ የተባለው መርፌ ጥናት ወጣ። 1,961 ሰዎች ተሳተፉ፤ 68 ሳምንት ቆየ። መርፌውን የወሰዱት በአማካይ የክብደታቸውን 14.9 በመቶ፣ ባዶ መርፌ የወሰዱት 2.4 በመቶ ቀነሱ። ሁለቱም ወገን ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክር አግኝተዋል። ልብ በሉ፣ ባዶውን የወሰዱትም ቀንሰዋል! የሻይ ሻጩ «አንዷ ደንበኛዬ ቀነሰች» ሲል ያችን 2.4 በመቶ ለሻዩ ቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ይህ መርፌ ታዲያ ያቅለሸልሻል፣ ያስመልሳል፤ ዋጋው ውድ ነው፤ ሲያቆሙት ከቀነሰው አብዛኛው በዓመት ውስጥ ይመለሳል። የሚሰጠውም በሐኪም ክትትል ነው። ይህን ሁሉ ጉድለቱን የምናውቀው ግን ጥናቱ ራሱ ስለጻፈው ነው። የታመነ መዝገብ ወጪውንም ያሳያል። ስሙ ሲገንም አስመሳዮቹ መጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2024 ሐሰተኛው በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስጠንቅቋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የቀዳሁትን በስብሰባችን ላይ ለተጠየቅሁት ጥያቄ ላውለው። ማንኛውም የማቅጠኛ ዕቃ ሲመጣብን እንደ ኦዲተር እንጠይቅ። የሚያመሰግነው ማን ነው፣ ከሽያጩ የሚደርሰውስ አለ ወይ? ባንቲንግ አልነበረውም፤ አላንስ ነበረው። በስንት ሰው ላይ፣ ለስንት ጊዜ ተሞከረ፣ ከምንስ ጋር ተነጻጸረ? 16 ሰው ነው ወይስ 1,961? «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉት ፎቶዎች የቀነሱትን ያሳዩናል፤ ወስደው ያልቀነሱት፣ የታመሙት፣ እንደ እኔ መልሰው የጨመሩት ፎቶ የት ነው ያለው? ውስጡ ምን እንዳለ ተጽፏል ወይ? የጎንዮሽ ጉዳቱንስ ይናገራል? ጉዳት የለውም የሚል ሁሉ ወጪ የሌለው ንግድ አለኝ እንደሚል ነጋዴ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የአገራችን ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት መድኃኒት ከመሰራጨቱ በፊት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የአሜሪካ ሴቶች አምስት ዓመት የታገሉለት ሕግ ለእኛ በወረቀት ላይ አለ። የሚቀረው መጠየቃችን ነው።

ብድሩን የጠየቀችው እህታችን ስሟን ሳልጠቅስ ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ አመሰግናታለሁ። አብረን ሆነን ጅምላ አቅራቢውን የምዝገባ ቁጥሩን ጠየቅነው። በስልክ የአንድ ወረቀት ፎቶ ላከልን። ደስ ብሎን ከፈትነው። የንግድ ፈቃድ ነበር። እህቶቼ፣ የንግድ ፈቃድ ሻጩ መሸጥ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለ ሻዩ አንድ ቃል አይናገርም። ድጋሚ ስንጠይቀው «የተፈጥሮ ስለሆነ ምዝገባ አያስፈልገውም» አለ። ካልተሸጠ ይመልሳል ወይ ብትለው አይመልስም። በዚያ ላይ ገዥዎቿ እነማን ናቸው ብለን ስንቆጥር፣ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ስሞች የዚህ ማኅበር አባላት ሆኑ። ከሣጥናችን ወጥቶ ከእኛው ኪስ የሚመለስ ገንዘብ፤ መሐል ላይ ደግሞ የእኛው አንጀት።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ብድሩ ለዚህ ዕቃ እንዳይሰጥ ነው። ግን እዚህ ላይ ብቻ ብናቆም ፍርዳችን ጎዶሎ ይሆናል። እህታችን ሦስት ልጆች በትምህርት ቤት አሏት፤ ባለቤቷ የለም። «በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተሽ ብትሸጪስ?» ብላት «ትርፉ ትንሽ ነው፣ ድካሙ ብዙ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሒሳቡን እኔም ሠርቼዋለሁ። ያን ልዩነት የምናቀልለት መንገድ ግን አለን። ለባልትና ሥራ ብትበደር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ያለ አገልግሎት ክፍያ እንድትከፍል፣ ሻዩን ልንገዛ «ያዥልኝ» ያልነው ሴቶችም ያን 1,800 ብር ለሽሮዋና ለበርበሬዋ በቅድሚያ እንድናዋጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። እኔ ስሜን ከአንደኛው ተራ ጽፌያለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ድምፅ የምንሰጠው በሁለቱም ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ቤታችሁ የተቀመጠ የማቅጠኛ ሻይ ወይም እንክብል ካለ ይዛችሁ ኑ። ማንም አያፍርም፤ የእኔንም የተረፈውን ፓኬት አመጣዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን በላያቸው ላይ የተጻፈውን አብረን እናነባለን፤ ያልተጻፈውንም እንጠይቃለን።